ሆት ቸኮሌት በቤት አዘጋጅቶ በስጦታ ስለመስጠት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለገና፣ ለልደት፣ ለመምህር ምስጋና ወይም ለጎረቤት የሚሆን ሆት ቸኮሌት በቤት ሲዘጋጅ ብዙውን ጊዜ ከሦስት መልክ አንዱን ይይዛል፦ በጠርሙስ የሚታሸግ ደረቅ ድብልቅ፣ በእንጨት ላይ የረጋና ትኩስ ወተት ውስጥ የሚማሰል ቸኮሌት፣ ወይም ድብልቁን በሆዱ የያዘና ትኩስ ወተት ሲፈስበት የሚፈነዳ የቸኮሌት ኳስ። የሦስቱም ጠላት አንድ ነው፤ ውሃ። ከታች ከተነሱት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ከእንፋሎት፣ በደንብ ካልደረቀ ጠርሙስ ወይም ከአንዲት ጠብታ ነው።

ከሦስቱ በየትኛው ልጀምር?

በጠርሙሱ። ሚዛን፣ ወንፊትና ደረቅ ጠርሙስ ካለ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። እንጨቱ ቸኮሌት ማቅለጥ ይጠይቃል። ኳሱ ደግሞ ቸኮሌቱን በትክክለኛው ሙቀት መያዝ ስለሚፈልግ ስጦታው ከሚሰጥበት ቀን በፊት ቢያንስ አንድ ዙር ልምምድ ያሻዋል። ነገ ለሚሰጥ ስጦታ ዛሬ ማታ ኳስ አትጀምሩ።

የጠርሙሱ ድብልቅ ልኩ ስንት ነው?

ለግማሽ ሊትር ጠርሙስ፦

- ቅባቱ ያልወጣለት የዱቄት ወተት 100 ግራም
- እንደ ዱቄት የላመ ስኳር 80 ግራም
- ስኳር ያልገባበት የኮኮዋ ዱቄት 45 ግራም
- እንደ ሻይ ቅጠል ደቆ የተከተፈ ጥቁር ቸኮሌት 50 ግራም
- ጨው፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ

ወተቱን፣ ስኳሩን፣ ኮኮዋውንና ጨውን አንድ ላይ ሁለት ጊዜ ንፉ። ኮኮዋ እየጓጎለ ስለሚመጣ አንድ ጊዜ መንፋት አይበቃውም። ቸኮሌቱን መጨረሻ ላይ ቀላቅሉ። ወረቀት ጠቅልላችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ በማድረግ ወደ ጠርሙሱ አስገቡ፤ ጠርሙሱን የታጠፈ ፎጣ ላይ ቀስ እያላችሁ መታ መታ ስታደርጉት ዱቄቱ ይጠቀጠቅና የተረፈውም ይገባል።

አንድ ብርጭቆ ለመሥራት 35 ግራም ያህል፣ ማለትም 3 ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ ለ200 ሚሊ ሊትር ትኩስ ወተት ይበቃል። በውሃ ለሚጠጣ ሰው ወደ 45 ግራም ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ በወተት 8፣ በውሃ 6 ብርጭቆ ይወጣዋል። ጨውን ግን አትተዉት፤ ጣዕሙ ተለይቶ አይታወቅም፣ ሲጎድል ግን ቸኮሌቱ ይደበዝዛል።

ስኳሩን መፍጨት የግድ ነው?

የግድ ነው። ተራውን ስኳር ከላመ ኮኮዋ ጋር ብታቀላቅሉት ጠርሙሱ በተነቃነቀ ቁጥር ደቃቁ ኮኮዋ በስኳሩ ፍሬዎች መካከል እየሾለከ ወደ ታች ይወርዳል። የመጀመሪያው ብርጭቆ ጣፋጭ፣ የመጨረሻው መራራ ይሆናል። ቸኮሌቱም ደቆ የሚከተፈው ለዚሁ ነው።

ፍጹም በደረቀ የጁስ መፍጫ 250 ግራም ስኳር ለአንድ ደቂቃ ያህል ፍጩ። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ አለበለዚያ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል። ተፈጭቶ የሚሸጠው ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ስታርች ስለሚገባበት በቤት ከሚፈጨው ያነሰ ይጓጉላል። የቤቱን ከፈጫችሁ በዚያው ቀን ተጠቀሙበት።

የትኛው ኮኮዋ ይሻላል?

በገበያ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ተፈጥሯዊው ነው፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ ኮምጠጥ ይላል። ሁለተኛው በአልካሊ የታከመው ነው፤ ጠቆር ይላል፣ ጣዕሙ ይለሰልሳል፣ በትኩስ ወተትም የተሻለ ይበተናል። ይህኛው «ደች» የሚባለው ዘዴውን የጀመረው የኔዘርላንዱ ኩንራድ ቫን ሆውተን ስለሆነ ነው። ለስጦታ ሁለተኛውን እንመርጣለን፣ ምክንያቱም ተቀባዩ እንዴት እንደሚያማስለው አናውቅም። ማሸጊያው ላይ ፖታሲየም ካርቦኔት የሚል ካያችሁ እሱ ነው።

ለሕፃናት ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠው የሚጠጣ የቸኮሌት ዱቄት ግን ኮኮዋ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ስኳር አለው። እሱን የምትጠቀሙ ከሆነ የራሳችሁን ስኳር ሙሉ በሙሉ አስቀሩ።

ኮርን ስታርች ልጨምርበት? ካፌ ውስጥ የሚቀርበው ወፍራም ነው።

ተቀባዩ ድስት ላይ የሚያፈላው ከሆነ ብቻ። ስታርች የሚያወፍረው ወተቱ ውስጥ ሆኖ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሲንተከተክ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ትኩስ ወተት ተፈስሶበት ሲማሰል ግን በደንብ ስለማይበስል የጥሬ ዱቄት ጣዕም ይተዋል። ከጨመራችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለአንድ ጠርሙስ ይበቃል፤ «ምድጃ ላይ ይፍላ» ብላችሁም ጻፉበት።

በሳምንቱ ድብልቁ ድንጋይ ሆነ። ምን አጠፋሁ?

ጠርሙሱ አልደረቀም ይሆናል። የማር ወይም የማርመላታ ጠርሙስ ታጥቦ በፎጣ ሲወለወል የደረቀ ይመስላል፤ ክዳኑ ጥምዝ ውስጥና የክዳኑ ላስቲክ ሥር ግን ውሃ ተደብቆ ይቀራል። ጠርሙሱን ያለ ክዳኑ በ110 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 15 ደቂቃ አቆዩት፤ ኦቨን ከሌለ አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ክዳኑን ለብቻው አድርቁ። ጠርሙሱ ፍጹም ሳይቀዘቅዝ ዱቄት አታስገቡበት፤ በሙቀቱ የቸኮሌቱ ክትፋይ ይቀልጥና ዱቄቱን ይዞ ይጓጉላል።

ሌላው ምክንያት ድብልቁን የሚፈላ ድስት አጠገብ ማዘጋጀት ነው። የዱቄት ወተትና የላመ ስኳር ከአየሩ እርጥበት ይስባሉ፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ዝናብ በሌለበት ሰዓት፣ ምድጃው ጠፍቶ ሥሩ።

የክዳኑን ሽታም አትርሱ። ቲማቲም ድልህ ወይም ኮምጣጤ የነበረበት ክዳን በላስቲኩ ሽታውን ይዞ ይቀራል፤ ጠርሙሱን እንጂ ክዳኑን ማዳን አስቸጋሪ ነው፣ አዲስ ክዳን ፈልጉለት።

ማርሽሜሎውን (ሆት ቸኮሌት ላይ የሚንሳፈፈውን ለስላሳ ከረሜላ) ጠርሙሱ ውስጥ ልጨምረው?

ለስላሳውን አይሆንም። ማርሽሜሎ በውስጡ ውሃ አለው፤ ያ ውሃ ወደ ዱቄቱ ይሄዳል። ማርሽሜሎው ይደርቃል፣ ዙሪያውን ያለው ዱቄት ይጓጉላል። በትንሽ ላስቲክ ለብቻው አሽጋችሁ በጠርሙሱ አንገት ላይ እሰሩት። ጥርስ ላይ ኩርሽም የሚለው ደረቁ ዓይነት ከተገኘ ግን ጠርሙሱ ውስጥ መግባት ይችላል።

የምሰጠው ለጾመኛ ነው። የቱ ነው የማይሆነው?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ይገባል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ስለሚዘልቅ፣ በታኅሣሥ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሰጡ ስጦታዎች ሁሉ ጾም ላይ ያርፋሉ። «ለፍስክ ያስቀምጡታል» ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ሰውየው በዕለቱ ከፍቶ ሊጠጣው የሚችለውን መስጠት ይበልጣል።

የጾሙ ድብልቅ እንዲህ ነው፦ ኮኮዋ 70 ግራም፣ የላመ ስኳር 110 ግራም፣ ወተት የሌለበት ጥቁር ቸኮሌት 80 ግራም፣ ጨው የሻይ ማንኪያ ሩብ። ለ200 ሚሊ ሊትር የአኩሪ አተር ወይም የአጃ ወተት 25 ግራም ይበቃል፤ 10 ብርጭቆ ይወጣዋል።

ሦስት ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል። አንደኛ፣ ጥቁር ቸኮሌት ሁሉ የጾም አይደለም፤ አንዳንዱ የወተት ቅባት ወይም የዱቄት ወተት አለው፣ ዝርዝሩን አንብቡ። ሁለተኛ፣ የኮኮናት ወተት ዱቄትና «ወተት አልባ» ተብሎ ለቡና የሚሸጠው የወተት ምትክ ዱቄት ብዙ ጊዜ ሶዲየም ካዜይኔት ይገባበታል። ይህ ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ሦስተኛ፣ ማርሽሜሎ የሚረጋው በጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ይሠራል።

የለውዝ ሻይ የሚወድ ሰው ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ በ200 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ተመትቶ የጾሙ ድብልቅ ሲጨመርበት ወተት የገባበት ያህል ይወፍራል። ይህን አሠራሩ ላይ ጻፉለት እንጂ የተፈጨ ለውዝ ጠርሙሱ ውስጥ አትጨምሩ። የለውዝ ዘይት ቶሎ ይበላሻል፤ ለውዝ የማይስማማው ሰውም ሳያውቅ ሊጠጣው ይችላል።

ለሙስሊም ጓደኛዬስ?

ጄላቲኑ የአሳማ ሊሆን ስለሚችል ሐላል የሚል ምልክት ያለው ማርሽሜሎ ፈልጉ፤ ካጣችሁ ተዉት። ሌላው የማይታወቀው ነገር ፈሳሹ ቫኒላ ነው፤ ብዙው በአልኮል የተነከረ ነው። በቫኒላ ዱቄት ተኩት። ይህ ለሁሉም ሰው የሚጠቅም ምክር ነው፣ ፈሳሽ ቫኒላ የቀለጠ ቸኮሌት ውስጥ ሲገባ ያበላሸዋልና። እስራኤል ውስጥ ኮሸር (የአይሁድን የምግብ ሕግ) ለሚጠብቅ ቤተሰብ ደግሞ የወጥ ቤቱ ነገር ራሱ ስለሚያሳስባቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የአገራችንን ቅመም ልጨምርበት እችላለሁ?

ኮረሪማ ከቸኮሌት ጋር በጣም ይስማማል። ገለባውን ጣሉና ፍሬውን ብቻ ለአንድ ደቂቃ ያህል በደረቅ መጥበሻ አሙቁት፤ ከዚያ አድቅቃችሁ ንፉ። ለአንድ ጠርሙስ የሻይ ማንኪያ ሩብ ይበቃል። ቀረፋ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ደረቅ ዝንጅብል ግማሽ። ቅርንፉድ ከ2 ራስ አይለፍ፤ ካለፈ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

የሚያቃጥል ለሚወድ ሰው ቅመም የገባበትን በርበሬ አትጠቀሙ፤ ነጭ ሽንኩርቱና አብሽው ቸኮሌቱን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል። ሚጥሚጣም ጨው አለው። ፍሬው ወጥቶለት ለብቻው የተፈጨ ዛላ በርበሬ፣ የሻይ ማንኪያ ስምንተኛ ያህል ይሁን።

ቡና የቸኮሌትን ጣዕም ያጎላል፤ የተወቀጠ ቡና ግን ስለማይሟሟ ታች አተላ ይሆናል። በውሃ የሚሟሟውን ቡና አንድ የሻይ ማንኪያ አድቅቃችሁ ጨምሩ። ማር ጠርሙሱ ውስጥ አይገባም፤ እርጥበት አለው።

በእንጨት ላይ የሚረጋው እንዴት ይሠራል?

ለ6 እንጨት 180 ግራም ቸኮሌት አቅልጡ፤ የተነፋ 10 ግራም ኮኮዋና 20 ግራም የላመ ስኳር አማስሉበት። ይህ መጠጡን ያወፍረዋል። በሲሊኮን የበረዶ ፎርማ ወይም በትንንሽ የወረቀት ኩባያ አከፋፍሉ። እንጨቱን ወዲያው አትትከሉ፤ ይዘማል። 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ቸኮሌቱ ወፈር ሲል ትከሉት። አሁንም ከዘመመ ኩባያውን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኑት፤ መሃሉን በቢላ ጫፍ ሰንጥቃችሁ እንጨቱን በስንጥቁ አሳልፉት፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የአይስክሬም እንጨት ይሆናል፤ ግን አትጠቡት፤ እንጨት ውሃ ይጠጣል። አንዱ ለ200 ሚሊ ሊትር ትኩስ ወተት ነው።

ቸኮሌቱ ሲቀልጥ ሳለ ድንገት ደርቆ እንደ ገንፎ ተሰበሰበ። ለምን?

ውሃ ነክቶት ነው። ጎድጓዳ ሳህኑ የሚፈላ ድስት ላይ ተቀምጦ ቸኮሌቱ እያብረቀረቀ ይቀልጣል፤ ሳህኑ ተነስቶ ወደ ፎርማው ዘንበል ሲል ታቹ ላይ የተሰበሰበው እንፋሎት በጠርዙ ዞሮ ጠብ ይላል። አንድ ሁለት ጠብታ ይበቃል። በቸኮሌቱ ውስጥ ያለው ደረቅ ስኳር ውሃውን ይስብና እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ብርቀቱ ጠፍቶ ማማሰያው ላይ ይጠቀለላል።

እንዳይደርስ፣ ድስቱ ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ ብቻ ይሁን፤ ሳህኑ ውሃውን አይንካ፤ ውሃው እንዲንተከተክ እንጂ እንዲንፈቀፈቅ አታድርጉ። ሳህኑን ባነሳችሁ ቁጥር ታቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ማይክሮዌቭ ካለ በግማሽ ኃይል 20 ሰከንድ፣ ማማሰል፣ እንደገና 20 ሰከንድ እያላችሁ ማቅለጥ ይቀላል።

የደረሰበትን ቸኮሌት አትጣሉት። ትኩስ ወተት በሾርባ ማንኪያ እየጨመራችሁ አማስሉት፤ ተመልሶ ይፈታል። ለፎርማ ባይሆንም ለዕለቱ የሚጠጣ ሆት ቸኮሌት ይሆናል።

ኳሱ ለምን አያብረቀርቅም? ለምንስ ነጭ ነጭ ይለዋል?

በቸኮሌቱ ውስጥ ያለው የኮኮዋ ቅቤ በዘፈቀደ ከረጋ ውሎ አድሮ ወደ ላይ እየወጣ ነጭ ይሆናል። ሻጋታ አይደለም፤ ይበላል፣ ለስጦታ ግን አያምርም። መፍትሔው ቸኮሌቱን በልክ አሙቆ በልክ ማቀዝቀዝ፣ ባለሙያዎች ቴምፐር ማድረግ የሚሉት ነው።

300 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ከትፉ። 200ውን እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አቅልጡና ከእሳት አውርዱ። የቀረውን 100 ግራም በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ፤ ያልቀለጠው ቸኮሌት ለቀለጠው የአረጋግ ዘር ይሆነዋል። 31 እስከ 32 ዲግሪ ሲደርስ ዝግጁ ነው። የወተት ቸኮሌት ከ29 እስከ 30፣ ነጩ ከ28 እስከ 29። ለመፈተን የቢላ ጫፍ ነክራችሁ አስቀምጡ፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ እያብረቀረቀ ከረጋ ደርሷል። ካልረጋ ጥቂት ክትፋይ ጨምራችሁ አማስሉ።

ቴርሞሜትራችሁን በፈላ ውሃ የምትፈትኑ አዲስ አበባ ከሆናችሁ 100 አትጠብቁ፤ በከተማዋ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በረዶ በተቀላቀለበት ውሃ መፈተን ይሻላል፤ የትም ቦታ 0 ማሳየት አለበት።

ይህ ሁሉ ካስቸገረ ኬክ ቤቶች የሚጠቀሙበት ኮምፓውንድ ቸኮሌት አለ። በኮኮዋ ቅቤ ፋንታ ሌላ የአትክልት ቅባት ስላለው ቀልጦ ሲረጋ በራሱ ያብረቀርቃል። ጣዕሙ ከእውነተኛው ያንሳል፤ ለመጀመሪያ ሙከራ ግን ጥሩ ነው።

ነጩ ነገር ሲዳሰስ ሸካራ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ቅቤው አይደለም፣ ስኳሩ ነው። ከፍሪጅ የወጣ ቸኮሌት ላይ ጤዛ ይወርዳል፤ ስኳሩ ይሟሟል፤ ሲደርቅ ሸካራ ሆኖ ይቀራል።

ኳሱን ራሱን ደረጃ በደረጃ ብትነግሩኝ?

ዲያሜትሩ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ የግማሽ ኳስ ሲሊኮን ፎርማ ያስፈልጋል። ለአንድ ሙሉ ኳስ 35 ግራም ያህል ቸኮሌት ይሄዳል። በሻይ ማንኪያ ጀርባ የፎርማውን ውስጥ ቀቡ፤ ፍሪጅ ውስጥ 5 ደቂቃ። ሁለተኛ ዙር ቀቡ፤ አሁን ከሁሉ በላይ ጠርዙን አወፍሩት፤ የሚሰበረው ሁልጊዜ ከጠርዙ ነው። 10 ደቂቃ ፍሪጅ። ሲወጣ ቸኮሌቱን አትጎትቱ፤ ሲሊኮኑን ወደ ውጭ ገልብጡት። እጃችሁ የሚሞቅ ከሆነ ንጹሕ የጥጥ ጓንት አድርጉ፤ የጣት አሻራ አይለቅም።

ዝርግ ሳህን አሙቃችሁ አድርቁ። የአንዱን ግማሽ ጠርዝ ሳህኑ ላይ ለ3 ሰከንድ አስነኩት፤ በ2 የሾርባ ማንኪያ ድብልቅ ሙሉት። የሌላውንም ጠርዝ አስነክታችሁ ግጠሙ። ስፌቱ ክፍተት ካለው በጣት የቀለጠ ቸኮሌት ለቅልቁበት።

የኬክ ጠብታ ተብሎ የሚሸጠውን ፍሬ ቸኮሌት ለዚህ አትምረጡት፤ ኦቨን ውስጥ ቅርጹን እንዲይዝ ታስቦ ስለሚሠራ ሲቀልጥም ወፍራም ነው።

«ወተት ላይ ጣልኩት፣ አልፈነዳም» የሚሉ አሉ። ወተቱ ለብ ያለ ስለሆነ ነው። ኳሱ መጀመሪያ ብርጭቆው ውስጥ ይቀመጥ፤ ሊፈላ የደረሰ 250 ሚሊ ሊትር ወተት ከላይ ይፈሰስበት።

ውጭ አገር ላለ ዘመድ መላክ ይቻላል?

ደረቁን ድብልቅ አዎ፤ ኳሱን አንመክርም። ቸኮሌት በ28 ዲግሪ ይለሰልሳል፣ 34 አካባቢ ይቀልጣል። በሙቀቱ ወራት ወደ ዱባይ ወይም ጅዳ የሚሄድ ኳስ ሻንጣ ውስጥ እንዳለ ይፈሳል፤ ድሬዳዋም ለሚሄደው ያው ነው። ለሙቅ አገር ቸኮሌቱን ከድብልቁም አውጡና ኮኮዋውን ወደ 60 ግራም ከፍ አድርጉ።

ወደ አሜሪካ በሚደረግ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ተጨማሪ ፍተሻ ስለሚያስከትል በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ መንገደኛ ወተትና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ስለማይፈቀድለት የጾሙን ድብልቅ ላኩ።

ስንት ጊዜ ይቆያል?

ወተት ያለበት ድብልቅ 3 ወር፣ የጾሙ 6 ወር፣ እንጨቱ 2 ወር፣ ኳሱ አንድ ወር። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ ፍሪጅ ውስጥ ግን አይደለም። ከበርበሬ፣ ከቡናና ከዕጣን አርቁት፤ የቸኮሌት ቅባት በአቅራቢያው ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል።

ጠርሙሱ ላይ ምን ልጻፍ?

ይህን ያህል በቂ ነው፦ «የጾም ሆት ቸኮሌት። ኮኮዋ፣ ስኳር፣ ጥቁር ቸኮሌት፣ ጨው። ለውዝ በሚዘጋጅበት ወጥ ቤት የተሠራ። ታኅሣሥ 10 ተዘጋጀ፤ እስከ ሰኔ 10 ይጠጣ። በደረቅ ማንኪያ ይጨልፉ። 2 ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ፤ መጀመሪያ በጥቂት ትኩስ የአኩሪ አተር ወይም የአጃ ወተት ይለውሱ፣ ከዚያ የቀረውን ይጨምሩ።» መለወሱን አትዝለሉት፤ ኮኮዋ ቅባት ስላለው ብዙ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ሲፈስበት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ በጥቂቱ ከተለወሰ ግን ሳይጓጉል ይሟሟል። ቀለሙ እንዳይለቅ በእርሳስ ወይም በማይለቅ ብዕር ጻፉ፤ ክዳኑ ላይ የሸማ ቁራጭ ካሰራችሁ ደግሞ ወረቀቱን ከሸማው ሥር ሳይሆን ጠርሙሱ ላይ ለጥፉት፣ ሸማው ሲፈታ አብሮ ይጠፋልና።